ጽኚ ያሉኝ መምህር

መምህር ይትባረክ ማረፋቸውን የነገረችኝ የደብረ ታቦር የድሮ ጎረቤቴ ናት። ባሕር ዳር ከምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ቁጭ ብዬ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እየቀመቀምሁ ነበር። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ይዤ ሥራዬን አላቋረጥሁም። ከታመሙ ቆይተዋል፤ ሞታቸው ድንገተኛ አልነበረም።

«መቼ አረፉ?» አልኋት።

«ትናንት ጧት። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ቀበርናቸው። ሕዝቡን ብታይው፤ ደብሩ አልበቃ ብሎ ሰው እስከ መንገዱ ቆሞ ነበር።»

«የቱ ደብር?»

«የቱ ይሆናል? ከባለቤታቸው አጠገብ ነዋ። ካህናቱ ሁሉ ወጥተው፣ በጥላ በመስቀል ነው የተሸኙት።»

ያን ጊዜ እጄ ቆመ። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጠየቅኋት። መምህር ይትባረክ ካቶሊክ ነበሩ። ካቶሊክ መሆን ብቻ አይደለም፤ እኔንና ባሌን ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ያመጡን እሳቸው ናቸው። ባሌ ደሳለኝ ከአባቱ መቃብር ተነጥሎ ባሕር ዳር የተቀበረው የሳቸውን ቃል ይዞ ነው።

«ኧረ ተመልሰው የለም እንዴ፤ አልሰማሽም?» አለችኝ። አለመስማቴ የገባት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ስለ መምህር ይትባረክ ልጽፍ ስነሣ መጀመሪያ በአንተታ ሞከርሁ። ተቀይሜያለሁና ይገባቸዋል ብዬ ነው። እጄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ እንደ ድሮው አንቱ እላቸዋለሁ።

ወደ ደብረ ታቦር ተዛውረው የመጡት ደርግ በወደቀ ሰሞን ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጥቁር ኮታቸው ላይ ነጠላ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። የተወለዱት አንበሳሜ አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለዋል፤ ዜማም ተምረዋል። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ሲማሩ ካቶሊኮች ዘንድ ተጠጉና እዚያው ቀሩ። የከተማው ሰው ይህን ሲሰማ «የሱስንዮስ ትርፍራፊ» አላቸው። ሱስንዮስ ካቶሊክ ልሁን ብሎ አገር ያስፈጀ ንጉሥ ነው። ከሞተ ዘመናት አልፈዋል፤ በኛ አገር ግን ትናንት እንደሞተ ሰው ነው የሚወራው። መምህር ይህን ስድብ ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ይስቁ ነበር።

«ትርፍራፊ ደግ ነገር ነው» ይሉ ነበር። «ሐዋርያት ዐሥራ ሁለት መሶብ ያነሡት ከትርፍራፊ አይደለም?»

በከተማው የነበርን ካቶሊኮች ሁላችንም ብንሰበሰብ የሳቸውን ሳሎን አንሞላም። ከደቡብ የመጡ ነርሶች፣ አንድ የመንገድ ሥራ ባለሙያ ከነሚስቱ፣ ኋላ ደግሞ እኔና ደሳለኝ። ካህን ከባሕር ዳር የሚመጡልን በወር አንድ እሑድ ነበር። መምህር ፈተና የሚያርሙበት ጠረጴዛ ያን ዕለት ነጭ ጨርቅ ለብሶ መንበር ይሆናል። በሌሎቹ እሑዶች ራሳቸው ወንጌል አንብበው ያስተምሩናል። ቅዱስ መጽሐፉን ከመንካታቸው በፊት የጠመኔውን ብናኝ ከጣቶቻቸው ላይ በመሐረብ ይጠርጉ ነበር። እሑድ ጠመኔ ከየት ይመጣል? ልማድ ነው። አሁን ሳስበው ከትምህርታቸው ሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ያ ባዶ ጣት መጥረጋቸው ነው።

ከኛ ጋር ያገናኛቸው መንገድ ነው። ደሳለኝ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር መካከል የሚመላለስ ሚኒባስ ሾፌር ነበር። መምህር በሳሎናቸው መሰብሰብ ሳይጀመር በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር ወርደው እሑድ ቆርበው ይመለሱ ነበርና ጋቢናው የሳቸው ሆነ። ደሳለኝ ጠያቂ ሰው ነው። ከመሪው በላይ ምላሱን ያሽከረክራል እያልሁ እቀልድበት ነበር። በመጀመሪያ የጠየቃቸው «እናንተ ማርያምን አትወዱም አሉ፤ እውነት ነው?» ብሎ ነው። መምህር ከኪሳቸው መቁጠሪያ አውጥተው ከሐሙሲት እስከ ባሕር ዳር እመቤታችንን እያወደሱ ሄዱ። ደሳለኝ ማታ ቤት ገብቶ «ያ ሰውዬ ከናቴ ይብሳል» አለኝ። አማቴ እማማ ጥሩነሽ የማርያምን ስም ሳይጠሩ ውኃ እንኳ አይቀዱም።

እኔ መጀመሪያ ካህን በመጡበት እሑድ እቤታቸው የሄድሁት ባሌን ሊያስቱብኝ ነው ብዬ፣ ልጣላ ነው። ሌላ ዓይነት አምልኮ የማይ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ቅዳሴው ግዕዝ ሆኖ አገኘሁት። «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲባል እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ የሰማሁት ዜማ ነው። የመጣሁበትን ጠብ እዚያው ረሳሁት።

መምህር መልስ ሲያጡ የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ይስባሉ። የማያውቁትን አላውቅም ከማለት አይመለሱም። አንድ ቀን፣ «መምህር፣ ይህን ያህል ከተመሳሰልን መለያየቱ ለምንድን ነው?» አልኋቸው። ጆሯቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

«በመካከላችን ያለው ግድግዳ ቀጭን ነው፣ አስካለ» አሉኝ። «ቀጭን ስለሆነ ነው የሚያሳዝነው። ወዲያ ማዶ የሚያለቅሰው ሁሉ ይሰማሻል፤ ግን አትደርሺለትም።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ቄስ ኃጢአተኛ ቢሆን የሰጠን ቁርባን ይረክሳል ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። «ፖስተኛው ሰካራም ቢሆን ደብዳቤው የናትሽ መሆኑ ይቀራል?» ብለው መለሱልኝ። በቡሄ ሰሞን ሁልጊዜ የሚሉት ነበራቸው፤ የከተማችን ስም ከዚያ በዓል ነውና። «ጴጥሮስ ታቦር ተራራ ላይ ‘እዚህ መሆን ለእኛ መልካም ነው’ አለ። ከተራራው ወርዶ እሳት ሲሞቅ ካደ። ልጆቼ፣ ተራራ ላይ ሁላችንም ጎበዝ ነን። እምነት ማለት ከወረዱ በኋላ ነው።»

ከከተማው ካህናት አንድ ወዳጅ ነበራቸው፤ መሪጌታ ሐዲስ፤ ቅስናም ነበራቸው። በልጅነታቸው ባንድ ጉባኤ ቤት ነው የተማሩት። ቅዳሜ ጧት ከመሪጌታ አጥር ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሲከራከሩ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያዳምጣል።

«ይትባረክ፣ አንተ ክርስቶስን ለሁለት ከፍለህ ስታበቃ ለኔ የትኛውን ታካፍለኛለህ?» ይላሉ መሪጌታ።

«ያንተን ያህል እንኳ ባገኝ ለማንም አላካፍልም» ይላሉ መምህር።

ተከራክረው ሲያበቁ አንዱ የሌላውን ነጠላ አቧራ አራግፎለት ይለያያሉ። እኔ ከሁለቱም ክርክር ይልቅ ያን ማራገፍ እወደው ነበር።

እኔና ደሳለኝ ካቶሊክ የሆንነው ዓመት ካስተማሩን በኋላ ነው። ማተባችንን አልበጠስንም፤ ጾማችንን አልቀነስንም። ሰው ግን ቀነሰን። ጠበል ሲጠጣ የሚጠራን ጠፋ። አማቴ አንበሳሜ ስንሄድ በር ላይ ያስቆሙትና፣ «እስቲ ማተብህን አሳየኝ» ይሉታል። ደሳለኝ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያቸዋል። በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «አለ» ብለው ያስገቡናል። እንዲህ ሆነን ለዓመታት ኖርን።

ከዚያ ደሳለኝ በጉበት በሽታ ተያዘ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ተሻለው ሲባል ተመለሰበት፤ በመጨረሻ ሐኪሞቹ ቤቱ ይሁን አሉን። እማማ ጥሩነሽ ከአንበሳሜ መጡ። ብቻቸውን አልመጡም፤ የነፍስ አባታቸውን ይዘው ነው። ቄሱ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሳልጋበዝ አልገባም ብለው ደጅ ቁጭ አሉ። መምህር ይትባረክ ከአልጋው ራስጌ ነበሩ።

«ልጄ» አሉ አማቴ፣ «አንዲት ቃል ብቻ በላቸው። ቄሱ ደጅ ናቸው። ካባትህ አጠገብ ላስተኛህ።»

ደሳለኝ ዓይኑን ወደ መምህር መለሰ። ድምፁ ቢደክምም አእምሮው ልክ እንደ ጤነኛ ሰው ነበር።

«መምህር፣ ሁለቱም የክርስቶስ ከሆኑ፣ ለናቴ ስል ብመለስ ምን እጎዳለሁ?»

መምህር ጆሯቸውን ያዙ። እኔ ልቤ «ተመለስ በሉት» ይል ነበር። ከአፌ ግን አላወጣሁትም፤ ሚዛኑ በሳቸው እጅ ነበርና።

«ለናትህ ብለህ ከሆነ ለእግዚአብሔር አይደለም» አሉት። «እውነቱ ወዲያ ነው ብለህ ብትመለስ እኔው ተነሥቼ ቄሱን በጠራሁልህ። መቃብር ፈልገህ ግን አትመለስ። እምነት የሚፈተነው ለሚወዱት ሰው እንቢ ሲሉ ነው።»

«እሺ» አለ ደሳለኝ።

ይችን «እሺ» እማማ ጥሩነሽ ሰሙ። አልጮሁም። ነጠላቸውን አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ወጡ። ደጅ ያሉትን ቄስ «እንሂድ አባቴ» ሲሉ ሰማኋቸው። ልጃቸውን በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ያን ዕለት ነው።

ደሳለኝ ሲሞት በደብረ ታቦር የሚቀበርበት አጣን። ካቶሊክ የሚቀበርበት ቦታ የለም፤ ደብሮቹም ያላመነበትን እንዴት እንፍታው አሉ። በዚህ አልቀየምም፤ ከሕጋቸው ነው። ባሕር ዳር ወደሚገኘው የካቶሊክ መቃብር ልንወስደው ተነሣን። ሬሳውን የጫነው ራሱ ይነዳው የነበረው ሚኒባስ ነው፤ ጓደኛው ወንበሮቹን ነቅሎ። መምህር እንደ ልማዳቸው ጋቢና ተቀመጡ።

ሐሙሲት ስንደርስ ገበያ ነበር። ከብቱና ሰው መንገዱን ሞልቶት መኪናው በቀስታ ይሄዳል። ከመንገዱ ዳር ጥቁር የለበሱ ሴቶች ቆመዋል፤ መካከላቸው እማማ ጥሩነሽ። ሾፌሩ አቆመ። አማቴ የኋላውን በር አስከፍተው ሁለት እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። አንዲት በግ የምትጎትት ሴት ገመዷን እንደያዘች ቆማ አብራ ማልቀስ ጀመረች። መምህር ወርደው አጠገባቸው ቆሙ።

«እኔ ሃይማኖት አልከራከርም፤ አላውቅበትም» አሏቸው አማቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «አንቱ የተማሩ ነዎት። የት ሄጄ እንደማለቅስ ብቻ ይንገሩኝ።»

«ባሕር ዳር ነው እማማ። ቅርብ ነው።»

«ለመኪና ቅርብ ነው» አሉ።

እንዲሳፈሩ ለመንኋቸው። እንቢ አሉ። ከልጃቸው ሳጥን ላይ እጃቸውን አንሥተው ወደ አንበሳሜ መንገድ ዞሩ። ሁለት ክረምት ሳይቆዩ ሞቱ፤ የልጃቸውን መቃብር አላዩትም። አሁን አንበሳሜ ባላቸው አጠገብ ናቸው። በሁለቱ መካከል ለደሳለኝ የታሰበው ቦታ ሣር በቅሎበታል።

መምህር ከሐሙሲት እስከ ባሕር ዳር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ከቀብሩ በኋላ ግን እጄን ያዙና፣ «ባልሽ ከሁላችን በልጧል። ጽኚ» አሉኝ።

ይችን «ጽኚ» ይዤ ኖርሁ። ደብረ ታቦርን ለቅቄ ባሕር ዳር፣ ከመቃብሩ አጠገብ መጣሁ። ወንድሞቼ ላግባሽ ለሚል ሰው ሲያጩኝ፣ ያውም ብትመለሺ ነው ሲሉኝ፣ ጸናሁ። እማማ ጥሩነሽ ሲሞቱ የልቅሶው ቤት ሴቶች ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ጸናሁ። በየፋሲካው ደብረ ታቦር ወጥቼ መምህርን ጠይቄ፣ «ጽኚ» አስብዬ እመለሳለሁ። ፋሲካችን ባንድ ቀን ነው፤ ከተማው ሁሉ ጾም ሲፈታ እኛም አብረን እንፈታለን። መምህር ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸውም ሞተው፣ ከልጃቸው ከትዕግስት ጋር ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ከደብሩ አልተለዩም፤ እሳቸውም አላስገደዷቸውም። የተቀበሩት እዚያ ነው።

ያለፈውን ፋሲካ አልረሳውም። በሽታው አክስቷቸዋል፤ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ይቆርባሉ መምህር?» አልኋቸው።

«እግሬ እንቢ አለኝ።»

«የባሕር ዳሩን አባ ይዤልዎት ልምጣ። እቤት ድረስ መጥተው ያቆርቡዎታል።»

«አታድክሚያቸው» አሉ። «ይቆይ።»

ለትሕትና ነው ብዬ አደነቅኋቸው። እንጸልይ ስላቸው ቆቡን ከራሳቸው አወረዱ። እኔ እየመራሁ አቡነ ዘበሰማያት አልን፤ ሰላም ለኪ አልን። ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስጸልይ እንኳ «አሜን» ብለዋል። ስነሣ እጄን ለቀቅ ሳያደርጉ፣ «ጽኚ፣ አስካለ። አደራ» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እርጅና ነው ብዬ ወጣሁ።

በሣልስቱ ለልቅሶ ሄድሁ። ድንኳኑ ውስጥ ትዕግስት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አብሬያት አለቀስሁ፤ የሞተው አሁንም የምወደው ሰው ነውና። ሰው ገለል ሲልልን ግን መሬት መሬት አየች።

«እትየ አስካለ፣ ይቅር በይኝ። አባዬ እንዳንነግርሽ አስምሎን ነበር።»

«ለምን?»

«ምን አውቃለሁ። ስምሽ ሲነሣ ይጨነቅ ነበር።»

መሪጌታ ሐዲስ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠዋል። በጣም አርጅተዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ መቼ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ዓመት አልፎታል» አሉኝ።

«ዓመት?»

«አዎ። እኔ አልሰበክሁትም፤ እግዜር ምስክሬ ነው። ራሱ ነው ያስጠራኝ። ‘ሐዲስ፣ ደክሞኛል። ከሚስቴ አጠገብ መተኛት እፈልጋለሁ። ብቻዬን መሞት ፈራሁ’ አለኝ። ምን ልበለው? ነፍስ አባት ያዘ፤ ንስሐውን ጨረሰ።»

«መሪጌታ፣ ፋሲካን እኔ መጥቻለሁ። አብረውኝ ጸልየዋል። ጽኚ ብለውኛል።»

«ነግሮኛል።»

«ምን ብለው?»

«‘ፊቷን ሳየው አቃተኝ’ ብሎ።» በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አሸነፍሁት ብዬ ደስ እንዳላለኝ እወቂልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሚከራከረኝ ሰው ነበር። ‘አንተ ልክ ነህ’ ያለኝ ዕለት ጓደኛዬን ያጣሁት መሰለኝ።»

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። ከባሕር ዳር ያወጣኝ እሱ ነው።

«ደሳለኝን አንሥተው ያውቃሉ? በንስሐቸው ላይ?»

«የነፍስ አባቱ እኔ ነበርሁ» አሉ መሪጌታ። «ይህን አትጠይቂኝ።»

ትኩር ብዬ አየኋቸው። ቀና አላሉም። አንሥተዋል ማለት ይሁን፣ አላነሡም ማለት ይሁን፣ ከፊታቸው ላይ አላገኘሁትም። ካህን ናቸውና ልክ ናቸው። የኔም መልስ ከመምህር ጋር ተቀብሯል።

ስመለስ ጋቢና ደርሶኝ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድሁ። ሰው ሃይማኖቱን ይለውጣል። እኔም ለውጫለሁ። መምህር ይትባረክ «አስካለ፣ ኖሬ ሳየው እውነቱ ወዲያ ነው» ቢሉኝ ኖሮ እከራከራቸው ነበር፤ እጣላቸውም ነበር፤ ግን አከብራቸው ነበር። «ከሚስቴ መለየት ከበደኝ» ቢሉኝም ይገባኝ ነበር፤ ከሰው ሁሉ ይልቅ የምረዳቸው እኔ ነኝ። መሄዳቸው አይደለም የከዳኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ እኔን እዚያው ቁሚ ማለታቸው ነው። መቃብር ፈልገህ አትመለስ ብለው ባሌን የከለከሉት ሰው መቃብር ፈልገው ተመለሱ፤ ለሱ ኃጢአት ያሉትን ለራሳቸው ዕረፍት አደረጉት።

አንዳንዴ ደግሞ በሌላ በኩል አስበዋለሁ። የደሳለኝ «እሺ» ከብዷቸው ይሆን? ሐሙሲት ላይ የቆሙት ሴትዮ በየሌሊቱ ይመጡባቸው ይሆን? ጽኚ ያሉኝ እሳቸው ያልቻሉትን አንድ ሰው እንኳ ሲችለው ማየት ፈልገው ይሆን? ይህ ሁሉ ሊሆን ይችላል። እኔ ለሰው ምክንያት መፈለግ አያቅተኝም። ግን ምክንያታቸውን ሳገኝላቸው ንዴቴ አይቀንስም፤ እንዲያውም እኔ ለሳቸው ስሟገት እሳቸው ለኔ አንዲት ቃል መናገር አቃታቸው እላለሁ።

እምነቴስ? ሰዎች ይህን ይጠይቁኛል። ወንድሜ በስልክ፣ «እንግዲህ ያመጣሽ ሰው ከተመለሰ አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ፖስተኛው ሰካራም ሆነ እንጂ ደብዳቤው የናቴ ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ያመንሁት በመምህር ይትባረክ አልነበረም። ትምህርቱ እንዲህ ይላል፤ ትምህርቱም ትክክል ነው። ልቤ ግን ትምህርቱን ገና አልጨረሰም። ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ከቆምሁ በኋላ በሳቸው ድምፅ እንጂ ወንጌሉን ልሰማው አልችልም። ያን ድምፅ ከጆሮዬ ላውጣ ብል ወንጌሉም አብሮ ይወጣል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ይዤ እቆማለሁ።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ወጣቱ ካህናችን ጠሩኝ። ሁልጊዜ ለሙታን በሚጸለይበት ጊዜ የሚጠራውን የደሳለኝን ስም የማስታውሳቸው እኔ ነኝ። የመምህርን ሞት ሰምተዋል።

«መምህር ይትባረክንም ላንሣቸው ወይ?» አሉኝ።

«የኛ ሆነው አልሞቱም አባ።»

«የእግዚአብሔር ሆነው ሞተዋል?»

«እሱን እሱ ያውቃል።»

«እንግዲያ ለሱ እንንገረው። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ምን እላለሁ? ከመምህር ከራሳቸው አፍ ነው ለሙታን መጸለይ የሚገባ መሆኑን የተማርሁት። አትጥሯቸው ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር።

«ያንሷቸው» አልሁ። «እኔ ግን አሜን አልልም። አልደረስሁበትም።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም። «አንቺ እስክትደርሺ ሌሎቹ ይሉልሻል» ብለው ሊለብሱ ገቡ።

ቅዳሴው እዚያ ደረሰ። አባ መጀመሪያ «ደሳለኝ» አሉ፤ ቀጥለው «ይትባረክ» አሉ። ሁለቱ ስሞች ተከታትለው ሲጠሩ እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ያለሁ መሰለኝ። ምእመኑ ሁሉ «አሜን» አለ። ሕፃናቱ እንኳ አሉ። የኔ ከንፈር አልተላቀቀም።

ከዚያ ሰው ለቁርባን ተነሣ። አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «አትነሽም እንዴ?» አለችኝ።

«ዛሬ አይደለም» አልኋት።

ቂም ይዞ እንደማይቀረብ አውቃለሁ። ደሳለኝ ከናቱ የተለየው ይህን ማዕድ ላለመተው ነው። እኔም ለዚሁ ማዕድ ስል ነው አገሬን፣ ዘመዴን፣ ሁለተኛ ትዳርን የተውሁት። አሁን ማዕዱ እፊቴ ነው፤ ቀምሼ የማላውቀው ይመስል ተቀምጫለሁ። በሕይወት ሳሉ ያመጡኝ ሰው ሞተው ከለከሉኝ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁና፣ ከኋላዬ ያሉት እንዲያልፉ እግሬን ሰብሰብ አድርጌ መንገድ ለቀቅሁላቸው።